ሰው ሳይሞት የሚያስለቅሰው ሞተር

ሾላ ሜዳ፣ መካነ ሰላም
ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለፈርሂያ፣ ጅዳ

የአሏህ ሰላም ባለሽበት ቤት፣ በምትጠርጊው ወለል፣ በምትከፍችው በር ሁሉ ይግባ። እኔ አጎትሽ ሃሩን ደህና ነኝ። የደከመው ጉልበቴ ብቻ ነው፤ ምላሴ እንደ ድሮው ነው። በሬው ደህና ነው። ዶሮዋን ሸለምጥማጥ በላት። አክስትሽ ኡምኩልሱም ካለፈች ወዲህ ቤቱ ዝም ብሏል፤ ለምጀዋለሁ።

ይህን የምጽፈው በገዛ እጄ ነው። «ሰው ይጻፍልህ» ብለውኝ ነበር። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ከሾላ ሜዳ ሰው ሁሉ ቀድሜ «ሀ» ያልኩ ሰው ለአንድ ወረቀት ጸሐፊ አልለምንም። ፊደሉ ከተጣመመ ጥፋቱ የእጄ ነው እንጂ የእውቀቴ አይደለም። ኔትወርኩ ጠፍቶ ስለከረመ ወረቀቱን ለሚኒባሱ ሹፌር እሰጠዋለሁ፤ ደሴ ለዘመዳችን ለሀናን ያደርስላታል፤ እሷ ፎቶ አንስታ ትልክልሻለች። ያንችንም እንዲሁ ገልብጣ ትልክልኛለች።

ነገሬ ስለ ሞተሩ ነው። በቅሎዬ ከሞተች ወዲህ እግሬ አንች የላክሽልኝ ሞተር ነው። ሰው ሲሞት ለቀብር የምንረዳዳበትን ቅሬ በሞንታርቦ እየዞርኩ የምጠራው እኔ እንደሆንኩ ታውቂያለሽ፤ ከኔ በፊት አያትሽ ነበር። እስላሙም ክርስቲያኑም ለቀብር የሚወጣው የኛን ቤት ድምፅ ሰምቶ ነው። አሁን ግን ሞተሩ ራሱ ድምፅ አመጣ። ቋ ይላል። ቋ... ቋ ቋ... ቋ። ባዶ ሙቀጫ በዘነዘና ሲመታ እንደሚለው ነው።

እኔ ሳልጠራ ሞተሩ ይጠራል። ሰው ለምዶታል፤ ቋ ሲል «ሞት መጣ» ይላል። ባለፈው ማክሰኞ ጨው ልገዛ ስወርድ የታችኛው መንደር ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወጥተው ጠበቁኝ። «ማነው? ማንን አጣን?» አሉኝ። «ኧረ ጨው ልገዛ ነው» አልኩ። ፈይዛን ታውቂያታለሽ፣ ያችን አልቃሿን፤ «ታዲያ ለጨው ደረቴን ታስመታኛለህ!» ብላ ልትደበድበኝ ምንም አልቀራት።

የቅሬው ዳኛ ንጉሡ ጠራኝ። «ሃሩን፣ ረመዳን ሳይገባ ይህን ሞተር ዝም አሰኘው። ካልሆነ ጥሪውን ለአለምነው እንሰጣለን» አለኝ። አለምነው ጡሩንባ ገዝቷል። ጡሩንባ! የከተማ እድር ሆንን እንዴ? አባቴ ከዚህ አፋፍ በባዶ ጉሮሮው ሲጣራ አባይ ማዶ ያለ የጎጃም ሰው ተነስቶ ይቀመጥ ነበር። ጥሪው ከቤታችን ከወጣ እኔ ለቅሬው ምኑ ነኝ? ንፍሮ በላተኛ?

እዚያ አገር ሰው ሁሉ መኪና ያውቃል ይባላልና ጠይቂልኝ። ሞተሩ ላይ ምንም የነካሁት ነገር የለም። እንደተገዛ ነው ያለው።

አጎትሽ ሃሩን


ጅዳ
ኅዳር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አጎቴ ለአቶ ሃሩን

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላህ። ወረቀትዎን ሳነብ ሾላ ሜዳ ደርሼ ተመለስኩ። ፊደልዎ አልተጣመመም አጎቴ፤ ዳገት እንደሚወጣ ሰው ጎንበስ ብሏል እንጂ። ለዶሮዋ አዝኛለሁ። እኔ ደህና ነኝ፤ ሥራው ያው ሥራ ነው፤ ማዳምም ያው ማዳም ናት።

የቤቱ ሹፌር ሚርጋኒ ይባላል፤ ሱዳናዊ ነው። ከሰላ ከተማ ሞተር ሲጠግን ነው ያደገው። ያሉትን ነገርኩት። «ባዶ ሙቀጫ» የሚለውን በአረብኛ አላውቀውም፤ ዞሬ ዞሬ «ቡና የሚደበደብበት ግንድ» አልኩት። «ሞተሩ ውስጥ ግንድ ገባ?» አለኝ። ሲቸግረኝ ወጥ ቤት መሃል ቆሜ በአፌ አሰማሁት፤ «ቋ... ቋ ቋ... ቋ!» ማዳም ዶሮ የገባ መስሏት መጥረጊያ ይዛ ሮጣ መጣች። «በዚህ ቤት ሁለተኛ እንዳልሰማ» ብላኝ ሄደች። ሚርጋኒ ግን ግድግዳውን ተደግፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ «ቀስ ብለሽ ድገሚው» አለኝ።

የሚጠይቅዎ ይህን ነው። ድምፁ የሚመጣው ሞተሩ ሳይሞቅ ነው ወይስ ከሞቀ በኋላ? ጋዝ ሲሰጡት ይፈጥናል? ሰንሰለቱ በምን ይለሰልሳል? ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ ከተገዛ ወዲህ ምን ተለውጧል? «ሰው ለሐኪምና ለመካኒክ አይዋሽም» ይላል። ድምፁን በስልክ አስቀድተው ቢልኩ ደግሞ የተሻለ ነው። እኔም ከማዳም መጥረጊያ እተርፋለሁ።

ልጅዎ ፈርሂያ


ሾላ ሜዳ
ኅዳር 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለፈርሂያ

ሰላምሽ ይብዛ፤ ከክፉ ዓይንም ከክፉ ማዳምም አሏህ ይሰውርሽ። እህሉ ተወቅቶ ገብቷል።

ምንም አልነካሁም ያልኩት እውነት ነው። እኔ አልነካሁም፤ የነካው ቢተው በያጁ ነው። ከኋላ ለሞንታርቦው መቆሚያ ብረት በየደልኝ። እሱ መለወጥ አይባልም፤ መጨመር ነው። ማርሚታውን ደግሞ አሳጥሮ ጭሱን ወደ ላይ አዞረው፤ ልብሴን እንዳያጠቁርብኝ። ሰንሰለቱን ለጋ ቅቤ እቀባዋለሁ። ለሙሽራ ራስ የበጀ ቅቤ ለብረት ያንሰዋል? ችግሩ ውሻ ይከተለኛል፤ ሌላ እንከን የለውም።

ሞቆ ነው ወይ ቀዝቅዞ ላለው፣ አገሩ ራሱ ብርድ ነው፤ ሞቆ አይቼው አላውቅም። በጋዝ አይፈጥንም። የሚፈጥነው መንገዱ ድንጋይ ሲሆን ነው። ደግሞ አንድ ተአምር አለ። እኔ ተቀምጬበት ስሄድ ይንቋቋል፤ ወርጄ ለቢተው ሳሳየው ዝም። ቢተው አጠገቡ ቆሞ ጋዙን ቢጠመዝዘው ቢጠመዝዘው እንደ አዲስ ሙሽራ ዝም! «አባ ሃሩን፣ ሞተርዎ ምንም የለውም» ይለኛል። ተመልሼ እወጣለሁ፤ ከሱቁ ሳልርቅ ቋ! በቅሎዬም እንዲህ ነበረች፤ ጌታዋን ለይታ ነው የምትበጠብጠው።

ድምፁን በቢተው ስልክ አስቀድቻለሁ። ሚሞሪውን ከወረቀቱ ጋር በክር አስሬዋለሁ፤ ሀናን ትልክልሻለች። እየነዳሁ ስለቀዳሁት ጥሩ ነው፤ እንዳይጠፋችሁም እያስረዳሁ ነው የቀዳሁት።

ይህ ሚርጋኒ የሚባለው ሹፌር ከሆነ ወጥ ቤት ምን ይሠራል?

አጎትሽ ሃሩን


ጅዳ
ታኅሣሥ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አጎቴ

ሰላምና ጤና ከአሏህ ይውረድልዎ። ሚርጋኒ ወጥ ቤት የሚገባው ውሃ ሊጠጣ ነው። እዚህ ሙቀት ነው፤ ቶሎ ቶሎ ይጠማዋል።

የተቀዳው ደረሰን። ሁለታችንም ጆሯችንን አስጠግተን ከዳር እስከ ዳር ሰማነው። የሚሰማው ይህ ነው፦ «ይኸው ስሚ! አሁን ቋ ይላል! ይኸውልሽ! ሰማሽ? ዞር በል አንተ ውሻ! ቋ አለ! አልሰማሽም? ቋ!» ሞተሩ የቱ ጋ እንዳለ አላገኘነውም። ሚርጋኒ «ይህ ሰው ሞንታርቦ ምን ያደርግለታል?» አለ። መጨረሻው ላይ ብዙ ሴት ያለቅሳል። ማን ሞቶ ነው? ወይስ ጨው ነው?

ሚርጋኒ «ሞተርን በስልክ መስማት ሙሽራን በወሬ እንደማየት ነው» ይላል። ቢሆንም የደረሰበትን ልንገርዎ። ቅቤውን በናፍጣ አጥበው የሞተር ዘይት ይቀቡት። ቢተው ቆሞ ጋዝ ሲሰጠው ዝም ካለ ፒስተኑ ደህና ነው፤ ውስጡም ደህና ነው። የውስጥ ሕመም ቢሆን በጋዝ ነበር የሚፈጥነው፤ የርስዎ ግን የሚፈጥነው በድንጋይ ነው፤ እርስዎ ሲወርዱም ያቆማል። የቀረውን እሱ እንዳለው ልጻፈው፤ እባክዎ አይቆጡ። «ድምፁ ያለው ሞተሩ ላይ አይደለም፤ ሽማግሌው ላይ ነው» አለ።

የሞተሩን ፎቶ ይላኩልን። ሙሉውን፣ በጎን በኩል።

ልጅዎ ፈርሂያ


ሾላ ሜዳ
ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለፈርሂያ። ሰላምታው ለአንች ብቻ ነው።

ለዚያ ሰው እንዲህ በይልኝ። የሃሩን አጥንት ጮሆ አያውቅም። ጉልበቴ ቢደክምም በጨዋነት ዝም ብሎ ነው የሚደክመው። እኔ ነኝ የምንቋቋው?

ፎቶ ብላችኋል፤ ይኸው። ዓይቶ ይፈር። አለምነው በየማለዳው ጡሩንባ ይለማመዳል፤ ጅቡ ይመልስለታል። ረመዳን እየቀረበ ነው።

ውሃም አያብዛ።

ሃሩን


ጅዳ
የካቲት 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አጎቴ

አሰላሙ ዓለይኩም። ቁጣዎ በሰላም ደርሶናል። ሚርጋኒ አንብቢልኝ ብሎ አነበብኩለት፤ ቀኑን ሙሉ ውሃ አልጠጣም።

ፎቶውም ደረሰ። አጎቴ፣ የጠየቅነው ሞተሩን ነበር፤ የመጡት እርስዎ ነዎት። ጋቢዎን ደርበው፣ ዱላዎን ይዘው፣ ሞተሩን በሙሉ ጋርደውት ቆመዋል። ከሞተሩ የሚታየው አንድ ጎማና የሞንታርቦው አፍ ብቻ ነው። ከጋቢዎ ጫፍ ሥር ግን፣ ጋቢዎ ጎትቶ አውርዶት ይመስላል፣ አንድ ብረት ተንጠልጥሏል። ሚርጋኒ በጣቱ አሳየኝ። «ይህ የምኑ ዕቃ ነው? ስንት ሞተር ስፈታ ኖሬ እንዲህ ያለ አላየሁም» አለኝ።

እኔ ግን አየሁት። ልጅ ሆኜ ልወጣበት ስል ወድቄ ግንባሬን የፈነከተኝ ነው። የአክስቴ የኡምኩልሱም እርካብ ነው። አጎቴ! የበቅሎዋን ኮርቻ ሞተሩ ላይ ጭነውታል?

እንግዲህ ስሙኝ። ሲነዱ እግርዎ የሚያርፈው በሞተሩ መርገጫ ላይ ነው፤ እርካቡ ባዶውን ይንጠለጠላል። ድንጋይ ባገኘ ቁጥር ተወዛውዞ የሞተሩን ሆድ ይመታል። ቋ የሚለው እሱ ነው። ሚርጋኒ «ታዲያ ሲወርድ ለምን ያቆማል?» ብሎ ሌላ ጭንቅ ውስጥ ገባ። እሱ በቅሎ አያውቅም። እኔ ደግሞ ድሮ እርስዎ ከበቅሎዋ ሲወርዱ እንዴት እንደነበር አስታወስኩ። እግርዎ መሬት እንደነካ እርካቡን ወደ ላይ አንስተው ኮርቻው ላይ ያጋድሙታል። አሁንም ያደርጉት ይሆን?

ሚርጋኒ «ያንን ብረት ያውልቀውና ይጣለው» አለ። «እሱን አልጽፍም» አልኩት። አክስቴ በዚያ ኮርቻ ሙሽራ ሆና እንደመጣች ነገርኩት። ያን ጊዜ «እንግዲያው ከአሮጌ የጎማ ከመነዳሪ ቀድዶ ይጠቅልለው፤ ብረት ጎማ ቢለብስ ነውር የለውም» አለኝ።

ልጅዎ ፈርሂያ


ሾላ ሜዳ
የካቲት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለፈርሂያ፣ ለአባትሽ ዓይን

ረመዳን ሙባረክ። ጾሙ ይቅናሽ፤ ዱዓሽ ከደጅ አይመለስ።

አዎ፣ ኮርቻ ነው። ምን ላድርግ? የሞተሩ መቀመጫ እንደ በግ ምላስ ቀጭን ነው፤ ትልቅ ሰው አይቀመጥበትም። ኮርቻውስ ቤት ቢቀመጥ ለአይጥ ነው። አልነገርኩሽም እንጂ አልዋሸሁም፤ ማንም «ኮርቻ አለው ወይ?» ብሎ አልጠየቀኝም።

ወረቀትሽን ሳነብ አላመንኩም። ሞተሩን አስነስቼ ሄድኩ፤ ቋ አለ። አቆምኩ፤ ወረድኩ። ስወርድ ዓይኔን እጄ ላይ ጣልኩት። ሳላዘው ሄዶ እርካቡን አንስቶ ኮርቻው ላይ አጋደመው! ቢተው ፊትም ሁልጊዜ እንዲሁ ነበር የምወርደው። ሌባውን በገዛ እጄ እየደበቅኩ «ፈልጉልኝ» ስል ከርሜያለሁ። ለቢተው ስነግረው ሳቁ አላስበይድ አለው።

ጠቀለልኩት። ሞተሩ ድመት ሆነ። ንጉሡ ደጅ ድረስ ነድቼ ጀርባው ላይ ቆምኩ፤ አልሰማኝም። «ዳኛ፣ ዛሬስ ሞት መጣ ትላለህ?» ስለው ደንግጦ ሊወድቅ ነበር። ደስ አለው፤ ጥሪው ያንተው ነው አለኝ። ነገሩ በዚህ ያበቃ መስሎኝ ነበር።

ረመዳን ሊገባ ሲል የላይኛው መንደር ባህሩ ሞተ፤ አሏህ ይዘንለት። ማለዳ ተነስቼ ከአፋፍ አፋፍ እየዞርኩ በሞንታርቦው ተጣራሁ። ጉሮሮዬ እስኪደማ! አለምነውም ሳይታዘዝ በወዲያ በኩል ጡሩንባውን ነፋ። ቀብር ላይ ስንደርስ ግን ሰው የለም። ሽማግሌዎች ብቻ። መቃብሩን ንጉሡ ራሱ ካባውን አውልቆ ቆፈረ፤ እኔም በዚህ ጉልበቴ አፈር ዛቅሁ።

ቅሬው ተሰበሰበ። የቀሩት ይቀጡ ተባለ። ፈይዛ ብድግ አለች። «ምን ብለን ነው የምንቀጣው? የሃሩንን ድምፅ ሰማን፤ ቋ አላለም። ቋ ካላለ ጨው ነው ብለን ተኛን!» አለች። የታችኛው መንደር ሰዎች ደግሞ የአለምነውን ጡሩንባ የደሴ አውቶቡስ መስሏቸው እህላቸውን ተሸክመው መንገድ ዳር ወጥተው ሲጠብቁ ኖረዋል። አውቶቡሱን እስካሁን ይረግሙታል።

ንጉሡ ጢሙን ሲያሻሽ ቆይቶ ፈረደ። «ጥሪው ከሃሩን ቤት አይወጣም። ሞት ሲሆን እርካቡ ይፈታ፤ ሌላ ጉዳይ ሲሆን ይታሰር» አለ። አለምነው ጡሩንባውን ለሠርግ ያቆየው ተባለ።

እና የኔ ልጅ፣ አያትሽ በጉሮሮው ጠራ፤ እኔ በአክስትሽ እርካብ እጠራለሁ። በሕይወቷም ከኔ ይልቅ የሷ ቃል ይሰማ ነበር።

ለዚያ ሰው ሰላም በይልኝ። ውሃውን ይጠጣ።

አጎትሽ ሃሩን


ጅዳ
ሚያዝያ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አጎቴ

የአሏህ ሰላም ይድረስዎ። ፍርዱን ሰምተን እዚህም ደስ አለን። ሚርጋኒ እርካብ ምን እንደሚመስል በወረቀት ሥለሽ አሳዪኝ ብሎኝ ስዬለታለሁ፤ መኪናው ውስጥ ሰቅሎታል።

አጎቴ፣ ይህን ደብዳቤ ስንት ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩት። የሞተሩ ነገር አለቀ፤ እኛ ግን ማውራት አላቆምንም። መጀመሪያ ፒስተን ነበር፤ ቀጥሎ ሰንሰለት፤ አሁን የሚጠገን ነገር ሳይኖር ነው የምናወራው። ሚርጋኒ በወግ ሊጠይቀኝ ይፈልጋል። አባቴ የለም፤ በአባቴ ፋንታ ያሉኝ እርስዎ ነዎት። እሺ ካላሉ እሺ አልልም፤ ይህን እሱም ያውቃል።

አማርኛ መጻፍ አይችልም። የሚለውን በቃል አስጠንቼው በድምፅ ቀድቷል፤ ሀናን በሚሞሪ ትልክልዎታለች። አነጋገሩን አይሳቁበት፤ ሌሊቱን ሲለማመድ ነው ያደረው።

መልስዎን የምትጠብቅ ልጅዎ ፈርሂያ


ሾላ ሜዳ
ግንቦት 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለፈርሂያ

ሰላም ለአንች ይሁን፤ በዚያ ቤት ውሃ ለሚጠማውም ይሁን።

ደብዳቤሽን አንብቤ ለማንም አልተነፈስኩም። እንዲህ ያለ ነገር በምስጢር ይያዛል። እርካቡን ጥብቅ አድርጌ አሰርኩና ምክር ልጠይቅ ወደ ንጉሡ ወረድኩ። ቁልቁለቱ ላይ ያ ከመነዳሪ ተንሸራቶ ወደቀ። እኔ የት አይቼው! ሐሳቤ ጅዳ ነው። ቋ... ቋ ቋ... ቋ እያልኩ መንደሩ መሃል ገባሁ።

አገር ወጣ። ነጠላው ተዘቀዘቀ። ፈይዛ ከፊት ሆና ሙሾውን አወረደችው። «ማንም አልሞተም!» አልኩ፤ ማን ሰምቶ። «ጨው ነው?» አለኝ አንዱ። «ጨውም አይደለም!» «ታዲያ ምንድን ነው?» የሞንታርቦው ማይክ በጄ ነበር፤ ሳላስበው በእሱ ተናገርኩት መሰለኝ። «ፈርሂያን የሱዳን ሰው ጠይቋት ነው!» አባይ ማዶ ሳይሰማ አልቀረም።

ቀጥሎ እልልታው ቀለጠ። ፈይዛ ብቻ አላቆመችም። «ኧረ ተይ ደስታ ነው» ሲሏት «ጀምሬዋለሁ፤ ሳልጨርስ ካቆምኩ ያመኛል» ብላ እስከ መጨረሻው አለቀሰችልሽ። ግጥሙ ጥሩ ነበር፤ አባትሽንም አነሳችው። አለምነው ሮጦ ጡሩንባውን አመጣ፤ በሕግ የተፈቀደለት ሠርግ ነውና ምን እለዋለሁ። ነፋው ነፋው፤ ሰዉ ደግሞ እህሉን ይዞ መንገድ ዳር ወጣ።

ሚሞሪውን ተቀብያለሁ። አልሰማሁትም፤ አልሰማውምም። ንቄው አይደለም። ሞተርን በስልክ መስማት ሙሽራን በወሬ እንደማየት ነው ያለኝ ራሱ ነው። ልክ ነው። ልጄን በሚሞሪ ለተላከ ድምፅ አልሰጥም። ይምጣ። ኮርቻው ላይ አስቀምጬ በድንጋዩም በቁልቁለቱም አዞረዋለሁ፤ የትኛው ቦታ ላይ እንደሚንቋቋ በጆሮዬ እሰማለሁ። ሰውን የምመረምረው እንዲያ ነው። የሞተሬን ሕመም ከባሕር ማዶ ያገኘ ሰው ደግሞ መንገዱ አይጠፋውም።

ቢተው ለእርካቡ አዲስ ከመነዳሪ ሰጥቶኛል፤ ሚርጋኒ ሲመጣ እርካቡን አስሬ እቀበለዋለሁ። እንስራውንም አጥቤ ውሃ ሞልቻለሁ።

አጎትሽ ሃሩን